ከስፌት መኪናዬ ጋር የተጫወትካት ዜማ

ይድረስ ለሰዒድ፣ ለኔው ሰዒድ፤

«ለኔው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከሄድክ ወዲህ የኔ ነው የሚልህ ሰው በዝቷል። የመናኸሪያ ልጆች «የኛ ሰዒድ» ይሉሃል፤ የሙዚቃ ባንዱም «የኛ ሰዒድ» ይልሃል፤ በሕይወት ሳለህ መንገድ ላይ ሰላም የማይሉህ ሰዎች ሳይቀሩ ፎቶህን ፌስቡክ ላይ ለጥፈው «ወንድሜን አጣሁ» ብለው ጽፈዋል። የአንዳንዶቹን ስም ይዣለሁ። እንግዲህ አንተ የማን እንደሆንክ ከመጀመሪያው እንግባባ ብዬ ነው።

ከተለየኸኝ አንድ ረመዳንና ሁለት ዒድ አለፈ። ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ዒዳ ተቀምጬ ጨርሻለሁ፤ ከደጅ ሳልወጣ፣ ኩል ሳልኳል፣ ሽቶ ሳልቀባ። እናትህ «ዘይነባ እንዲህ ቁጭ ትላለች ብዬ አልጠበቅሁም» ብላለች አሉ። ምን ትጠብቅ እንደነበር አልጠየቅኋትም።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሒክማ ትምህርት ጀምራለች፤ ስሟን ስትጽፍ የመጀመሪያዋን ፊደል እግር ወደማይሆን ጎን ታዞረዋለች፣ ሳርምላት ደግሞ ትቆጣለች፤ ማንን እንደወሰደች ታውቃለህ። ፓፓያው በመጨረሻ አፈራ። ባጃጅህን ወንድምህ ይነዳዋል፤ ከኋላው የለጠፍከውን የጊታር ስዕል ሊልጠው ሲል ደርሼ አስተውኩት። አንድ ቀን ወደ ገበያ ሊያደርሰኝ ከኋላ አስቀመጠኝ። ከጎንህ እንጂ ከኋላ ተቀምጬ ስለማላውቅ እንደ ማንኛዋም ተሳፋሪ መሰልኩ፣ ደስ አላለኝም፣ ስመለስ በእግሬ መጣሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ቤቱ አይደለም። ያቺን ስም ያላወጣህላትን ዜማ፣ ስልክህ ውስጥ ያለችውን፣ ባንዱ ስጪን ብሎ መጥቶ ነበር። ምን እንዳደረግሁ ከሌላ ከምትሰማ ከኔ ስማ። እዚያ የሚያወራህ ካለ ማለቴ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን እንዴት እንዳየሁት ነግሬህ አላውቅም።

«የጨፋ ልጆች» የሚባለውን ባንድ ሰው ሁሉ ሲስቅበት አስታውሳለሁ። ከሚሴ ላይ የሮክ ባንድ! የሠርግ ዘፈናችንን ወስደው በኤሌክትሪክ ጊታር ሲያስጮሁት ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ይይዙ ነበር፤ ልጆቹ ግን አበዱላቸው። ያበዱት ለከማል ነው። ሊድ ጊታሪስቱ እሱ ነበር፣ ቁመናም ነበረው፣ እሱም ቁመናውን ያውቀዋል። ከማል ሳውዲ ሲሄድ የባንዱ አለቃ ይማም፣ ያ ከበሮውን እንደ ጠላቱ የሚደበድበው፣ ቤታችን መጣ። አንተ ያኔ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ኦርጋን ከሚጫወት ሰውዬ ጎን ቆመህ ጊታር ትነካካ ነበር። ይማም ሻዩን ጠጣና «ከማል እስኪመለስ ትሸፍንልናለህ» አለህ። አንተ ከደስታህ ብዛት «እስኪመለስ» የሚለውን አልሰማኸውም። እኔ ሰምቼዋለሁ።

ያን ቃል ዓመታት ሙሉ ስሰማው ኖርኩ። የከማልን ሶሎ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተጫወት አሉህ። የከማልን ጥቁር ጃኬት አለበሱህ፣ ተመልካቹ ለውጡን እንዳያየው ብለው። እጅጌው ስለረዘመብህ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ባሌን ለሌላ ሰው ልብስ መለካት ምን እንደሚመስል ማንም ሴት አይድረስባት። ሰንበቴ ከተማ ላይ የመጀመሪያህን ሶሎ ስትጨርስ ሕዝቡ «ከማል! ከማል!» እያለ ጮኸልህ፤ አንተ ቤት መጥተህ እየሳቅህ አወራኸኝ፣ እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ያን ከማል የሚባል ሰው ሁለት ጊዜ እንኳ በቅጡ አላየሁትም፤ ግን በሰው መቅናት ምን እንደሆነ መጀመሪያ የተማርኩት በእሱ ነው። ለራሴ አልነበረም የቀናሁት። ላንተ ነው።

የባቲውንስ? ባንዱን ሊያስተዋውቁ ሰኞ ገበያ ሄዱና ስፒከሩን አይሱዙ ላይ ጭነው ሰው የበዛበትን ቦታ ሲፈልጉ ግመል ተራው አጠገብ አቆሙት። የዚህ አገር ልጆች ሆነው ግመል ምን እንደሚፈራ ጠፍቷቸው! አንተ ድምፁን የሚያሻክረውን ፔዳል ገና በእግርህ ስትረግጠው የአፋሮቹ ግመሎች ገመዳቸውን በጥሰው ገበያውን ለሁለት ከፈሉት። የሽንኩርቱ መደብ፣ የጨው መደብ፣ ሁሉም እግር ሥር ገባ። እስከ ማምሻው ድረስ ከባለቤቶቹ ጋር ግመል ስትፈልጉ ዋላችሁ። ሽማግሌ ሲቀመጥ ይማም ጣቱን ወዳንተ ቀስሮ «ከማል ቢሆን ድምፁን መጥኖ ይጫወት ነበር» አለ። መኪናውን እዚያ ያስቆመው እሱ ራሱ መሆኑን የተናገረ የለም። አንተም አልተናገርክም፤ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አውፍ በሉኝ» ብለህ ከአንዱ ሽማግሌ ጉልበት ሥር ወደቅህ። በሳምንቱ በስልክ መልእክት አሰናበቱህ።

እንዲህ ብዬ እንዳልናገር ብዙ ጊዜ ምላሴን ይዤያለሁ፤ አሁን ግን ልናገረው። ያ የተባረርክበት ጊዜ ከኑሯችን ሁሉ የተሻለው ጊዜ ነበር። ባጃጅ ትነዳ ነበር። ከተማው ሁሉ «ግመሉን ያስበረገገው» እያለ ይሳሳቅብህ ነበር፤ አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። ምሳህን ልትበላ ትመጣለህ፣ ባጃጁን ደጅ ታቆማለህ። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው። ጊታሩን ኤሌክትሪክ ሳትሰካ ጭንህ ላይ ታደርግና ዝም ብለህ የስፌት መኪናዬን ታዳምጣለህ። ከዚያ ትከተለኛለህ። ቀጥ ያለውን ስሰፋ ትፈጥናለህ፤ ጥግ ደርሼ ጨርቁን ሳዞር አንተም ታዞራለህ፤ ክር ሲበጠስብኝ ጣትህን ጊታሩ ላይ ጭነህ ጸጥ ትላለህ፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እስካስገባው ድረስ ትጠብቀኛለህ። ዜማዋ መሃል ላይ ያለችው ረጅም ዝምታ ከዚያ የመጣች ናት። አንድ ቀን በስልክህ ቀዳሃት፤ ሁለታችንም በእግራችን ስንሠራ፣ እኔ ስረግጥ አንተ መሬቱን ስትመታ ይሰማል።

ያን ጊዜ ማንም አልነበረም። ከማል የለ፣ ይማም የለ፣ ሕዝብ የለ። አንተ ለማንም ምትክ ያልሆንክበት ቦታ ያ ብቻ ነበር።

ከዚያ መልሰው ወሰዱህ። ባንተ ምትክ ያመጡት ልጅ ደሴ መድረክ ላይ ሶሎው ጠፍቶበት ቆሞ ቀርቷልና በራሳቸው እግር መጡ። ስትመለስ ደግሞ ኑሪያ ነበረች።

ስለ ኑሪያ ሁለታችንም ብዙ ዝም ብለናል። ሻካራ ድምፅ ያላት፣ ስትስቅ ጭንቅላቷን ወደኋላ የምትጥል፣ ማይክራፎን እንደ ሸንኮራ አገዳ የምትይዝ ዘፋኝ። መድረክ ላይ ወዳንተ ዞራ ስትዘፍን ቪዲዮውን ሰው ሁሉ ይልክልኝ ነበር፤ አዝነውልኝ ይሁን ሊያናድዱኝ አላውቅም። «ሲዶ» ትልህ ነበር። ሲዶ የኔ ቃል ነው፤ በር ዘግቼ የምጠራህ ስም ነው። ከየት እንደሰማችው ስጠይቅህ «ስልክ ስታናግሪኝ ሰምታ ይሆናል» አልክ። ይሆናል። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሚኒባስ ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ አዳማ ስትመላለሱ መኪና ውስጥ ተኝተህ እንዴት እንደምታንኮራፋ፣ መንገድ ላይ ምን እንደምትበላ፣ ሲከፋህ ምን እንደምትል እሷ እያወቀች፣ እኔ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ ኮሌታ ስገለብጥ ነበር። ሕዝቡ በመጨረሻ የከማልን ስም ትቶ ያንተን ስም መጥራት ሲጀምር እንኳ አዳራሹ ውስጥ የነበረችው እሷ ናት። ያቺን ሰዓት እኔ ልሰማት ይገባኝ ነበር።

የመጀመሪያው አልበማችሁ ሊቀረጽ ሲል ደግሞ ተጣልተህ ወጣህ። ምን ሆነ ብልህ «የሙያ ጸብ ነው፣ ተይው» አልከኝ። አልበሙ ያለ አንተ ወጣ። ያ ሁሉ ዓመት የለፋህበት ሥራ በሌላ ሰው እጅ ተጫውቶ ከየሱቁ ሲሰማ፣ አንተ በባጃጅህ ሰው እያመላለስክ ታልፍ ነበር። እኔም ጸቡ በኑሪያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ለሙያ ብሎ እንዲህ አይከፋም ብዬ። ወጥህን አስቀምጥልህና ወደ መኪናዬ እዞር ነበር። ያን ጊዜ ጊታሩንም ከግድግዳው አላወረድከውም። ኋላ ታርቀው ሲጠሩህ ሄድክ፤ ዓመት ሳይሞላ ያ በሽታ መጣ።

ስትሞት የሆነውን ብታይ ትስቅ ነበር። የባንዱ ልጆች ሊያስተዛዝኑን ለተዕዚያ ከደሴ መጡ። ኑሪያ ከበር ጀምራ እየጮኸች ገባችና ደረቷን እየመታች መሃል ላይ ተቀመጠች። እኔ እንባዬ ደርቆ ጥግ ላይ ነበርኩ። ከገጠር የመጡ ያንተ ዘመዶች አላወቁኝም መሰለኝ፣ አንዷ ትልቅ ሴትዮ ኑሪያን ትከሻዋን ይዛ «ሰብር አድርጊ ልጄ፣ ባል አላህ ይተካል» አለቻት። ኑሪያም «እሺ» አለች። «እሺ» አለች ስልህ! ከለቅሶዋ ብዛት የተባለችውን አልሰማችም ይላሉ። እኔ የሰማች ይመስለኛል። ኑሪያ የጠጣችውን ውሃ ትራፊ አይዞሽ ብላ ለኔ ያቀበለችኝ ደግሞ አክስትህ ናት።

በዒዳዬ መሃል ባንዱ ያንተን መታሰቢያ በከተማው አዳራሽ አደረገ። እኔ መውጣት አልችልም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የስፒከሩ ድምፅ እስከ ግቢያችን ይመጣል። መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ለባሌ ከተማው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። አዲሱ ሊድ ጊታሪስት ሑሴን ይባላል፤ ሰንበቴ ስልክ የሚጠግን፣ ጢሙን ያሳደገ፣ የልጆች አባት ነው። የከማልን ሶሎ አንተ እንዳስተካከልከው አድርጎ ተጫወተው፣ እዚያች ቦታ ላይ ዘግይተህ የምትገባባትን እንኳ አልሳታትም። ሕዝቡ «ሰዒድ! ሰዒድ!» አለ። ስምህን በዚያ ብዛት በጆሮዬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፣ ለሌላ ሰው ነበር የሚጮኹት። ሑሴንን የዚያን ቀን ጠላሁት። በነጋታው ግን እሱም ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ እየሳቀ ያወራላት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሚስቱም ጓዳ ትገባ ይሆናል።

ዒዳዬ ሲያልቅ ሦስቱ አብረው መጡ፤ ይማም፣ ኑሪያና ሑሴን። አዲስ አልበም ሊሠሩ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ላንተ መታሰቢያ እንዲሆን ያቺን ዜማ ፈለጉ። ከመድረክ በፊት እጅህን ስታፍታታ ቁርጥራጯን ይሰሙ ነበር፣ ስልክህ ውስጥ ሙሉዋ እንዳለች ደግሞ ወንድምህ ነግሯቸዋል። ኑሪያ ግጥም ትጽፍላታለች፣ ሑሴን ይጫወታታል አሉኝ። ክብር ነው አሉኝ። ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ያለ አንተ የወጣው አልበም እንደ እሾህ ተሰክቶብኛል፤ ይቺ ብትወጣ ስምህ በሰው አፍ ይኖራል፣ ሒክማም አድጋ አባቴ የሠራው ነው ትላለች። በሌላ በኩል ደግሞ አፏን ከፍታ የምትዘፍናት ኑሪያ ናት። ጥቂት አሰማኋቸው። ይማም አንገቱን እየነቀነቀ «ዜማዋ ጉድ ናት፤ ከኋላ ያለውን ጫጫታ በኮምፒውተር እናጠፋዋለን» አለ።

«ጫጫታው እኔ ነኝ» አልኩት።

አልገባውም። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

በሳምንቱ ጁምዓ ኑሪያ ብቻዋን መጣች። ጫማዋን አውልቃ ከመኪናዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና «አካም ጂርታ ዘይኑ» አለችኝ፤ ደህናነቴን ስትጠይቅ ዓይኔን አላየችም። ልትለምነኝ አልመጣችም፣ ሙሉዋን አንድ ጊዜ ልስማት ብቻ አለች። ክፋቴን ልንገርህ፣ እሺ ያልኩት ልትቃጠል ብዬ ነው። ድምፄ እንዳለበት አውቃለኋ። ከፈትኩላት። መኪናዬ ይሄዳል፣ አንተ ትከተላለህ። ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሂድና ቧንቧውን ዝጋው ስልህ ይሰማል፤ አንተም «ቆይ፣ ኮሌታውን ጨርሺ» ትላለህ። ከዚያ ዝምታዋ መጣች። ኑሪያ የጠፋ መስሏት ስልኩን አየች። ክር ተበጥሶብኝ ነው፣ እስካስገባ እየጠበቀኝ ነው አልኳት። መኪናው መልሶ ሲነሳ፣ አንተም አብረህ ስትነሳ፣ ሻሿን ፊቷ ላይ አደረገች።

ከሻሿ ሥር ሆና ነው የተናገረችው።

«እኛ እኮ ያኔም ለምነነው ነበር፣ ዘይኑ። ለመጀመሪያው አልበም። ይማም ወይ ዜማዋን ትሰጣለህ ወይ ትወጣለህ አለው። እኔም ለምኜዋለሁ፣ ግጥሙን ሁሉ ጨርሼ ነበር። ‹ኩን ከን ኢሺቲ› አለን። የሷ ነው አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ጊታሩን ከረጢቱ ውስጥ ከቶ በዚያው ወጣ። አልነገረሽም?»

አልነገርከኝም፣ ሰዒድ። የሙያ ጸብ ነው፣ ተይው አልከኝ። ስምህ ይወጣበት የነበረውን አልበም፣ ከከማል ጥላ የምትላቀቅበትን፣ ለኔ መኪና ጫጫታ ብለህ ጥለህ መጣህና ባጃጅህን አስነሳህ። እኔ ደግሞ የምታስቀናሽ ሴት አለች ብለህ እንደነገርከኝ ሁሉ ጀርባዬን ሰጥቼህ ስሰፋ ከረምኩ። ጊታሩን ያላወረድከው ለዚህ ነበር? መኪናዬ እያለቀሰ እንዴት ብለህ ትከተለው። እኔ ብቻ ቀናተኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንተ ብሰህ ተገኘህ፣ ያውም ድምፅህን ሳታሰማ።

ኑሪያ ስትነሳ ከበሩ ላይ ዞር ብላ «ክር እስክታስገቢ የሚጠብቅሽ ሰው ነበረሽ» አለችኝ። ከዓይኗ አየሁት፤ ቀናችብኝ። ያ ሁሉ ሚኒባስ፣ ያ ሁሉ መድረክ፣ ያ ሁሉ ሲዶ እያለ እኔ ላይ ቀናች። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ስትሄድ ግን አዘንኩላትና ፓፓያ በፌስታል አድርጌ ሰጠኋት።

ለይማም ደወልኩና አልሰጥም አልኩት። አንተ እያለህ ያልሰጠኸውን እኔ ስትሞት የምሰጥበት ምክንያት የለም አልኩት። ስለ ስምህ፣ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ታሪክ ብዙ ተናገረ። ተናግሮ ሲጨርስ ስልኩን ዘጋሁ። ጊታሩን ግን ለሑሴን ሰጠሁት፤ ግድግዳ ላይ ሆኖ አቧራ ከሚጠጣ ብዬ። አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኩት፤ እንደ ሰዒድ አትጫወት፣ እንደራስህ ተጫወት፣ ሰዉ ሲጮህብህም ስምህን ንገራቸው አልኩት። ጥቂቱ ለእሱ አዝኜ ነው፣ የቀረው ግን አንተን የሚመስል ሰው በከተማዬ እንዳይኖር ብዬ ነው።

የከማልን ሶሎ ሕዝቡ ይውሰደው። ፎቶህን ፌስቡክ ይውሰደው። ደሴም አዳማም ያጨበጨቡልህን ይዘው ይቅሩ። ዜማዋን ሒክማ ስትደርስ አሰማታለሁ፣ ለእሷም ቢሆን እዚሁ ከመኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ እንጂ ይዛት አትወጣም። እኔ ስሰፋ በውስጤ ስለምሰማት ስልኩንም ብዙ አልከፍተውም። ክር ሲበጠስብኝ አሁንም ቀስ ብዬ ነው የማስገባው። እግሬ መርገጥ እስከቻለ ድረስ አንተን የምረሳበት ቀን አይመጣም፣ ይህን ቃሌን ያዝልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። አላህ በራሕመቱ ጀነት እንዲያስገባህ በየሶላቴ እለምናለሁ፤ አስገብቶህም ይሆናል። እዚያ ስላሉት ቆነጃጅት፣ ስለ ሁሮቹም ሰምቻለሁ፤ ውበታቸው እንዲህ ነው፣ ዓይናቸው እንዲያ ነው ይላሉ። ይሁን፣ አልከለክልህም፣ የከማልን ሶሎ ተጫወትላቸው። ያቺን ግን እንዳትነካት። እስክመጣ ጠብቀኝ።

የአንተው ዘይነባ
ከከሚሴ